ያልተመለሰችው ሳንቲም

ፊርማን ዱፑዊ ያንን ወሬውን ሊጀምር መሆኑ ገና ሳይተነፍስ ይታወቅበት ነበር። መጀመሪያ እጁ ወደ ወይራ ፍሬው ሳህን ይሄዳል። ቀጥሎ ከዳቦው ውስጥ ትንሽ ይቆነጥርና በጣቱ ጠፍጥፎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ እሱ ጉድጓዱ ነው። የወይራዋ ፍሬ ኳሷ ናት። ከዚያ ከኪሱ አንዲት ያረጀች የፍራንክ ሳንቲም ያወጣል። "በሉ፣ ካስታን መጣ" ይላል አንዱ። ሌላው ወይን ይቀዳል። እህቱ ኦዲል ብድግ ብላ ሳህን ማንሳት ትጀምራለች። በሰርግም ቢሆን፣ በክርስትናም ቢሆን፣ የመንደሩ የራግቢ ቡድን ባሸነፈ ቀንም ቢሆን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነበር።

ወሬው ይህ ነው። ጎልፍ ስትጫወት ኳስህ የሌላውን ሰው መንገድ ከዘጋች ታነሳትና በቦታዋ ሳንቲም ታስቀምጣለህ። ሳንቲሟ ራሷ መንገድ ላይ ከሆነችበት ደግሞ ሰውየው "ትንሽ ዞር አድርግልኝ" ይልሃል። የዱላህን ራስ መሬት ላይ ለክተህ በዚያችው ስፋት ወደ ጎን ታሸጋግራታለህ። እሱ ከመታ በኋላ ተራህ ሲደርስ ሳንቲሟን ወደ ቦታዋ ትመልሳለህ። ረስተህ ከተሸጋገረችበት ከመታህ ሁለት ምት ይጨመርብሃል፤ በጎልፍ ደግሞ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ያበቃል። ሕጉ ያልጻፈው፣ ግን ዱላ ይዞ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ዞር አድርግልኝ ያለው ሰው ራሱ "ሳንቲምህን መልስ" ብሎ ያስታውሳል። ይህን ከማያደርግ ሰው ጋር ምሳ አይበላም።

ፊርማን በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ በውድድሩ የመጨረሻ ቀን፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ከሮላን ካስታን ጋር ተፋጠጠ። የቀረችው አንዲት ካርድ ነበረች። ካርድ ማለት በሚቀጥለው ዓመት አገር ላገር እየዞሩ ከትልልቆቹ ጋር የመጫወት ፈቃድ ነው፤ ካርድ የሌለው ባለሙያ መንደሩ ተቀምጦ ለጥርስ ሐኪሞች የዱላ አያያዝ ያስተምራል። ካስታን አርባ ስድስት ዓመት የሞላው፣ የተከበረ፣ ጉልበቱን በጨርቅ ጠፍሮ የሚጫወት ሰው ነበር። "ልጅ፣ ሳንቲምህን ትንሽ ወደ ግራ" አለ። ፊርማን አሸጋገረ። ካስታን መታ። ፊርማን ኳሱን አስቀመጠ፣ መታ፣ አስገባ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ካስታን ያኔ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ልጅ፣ ሳንቲምህስ?" አለው። ሁለት ምት ተጨመረበት፤ ካርዷ የካስታን ሆነች።

"ከመታሁ በኋላ!" ይል ነበር ፊርማን ጠረጴዛውን እየደበደበ። "ቆሞ ሲያየኝ ኖሮ! ካስገባሁ በኋላ! 'ልጅ፣ ሳንቲምህስ?'"

ገበታው ሁሉ ካስታንን ይረግማል። ወይራዋን አንዱ አንስቶ ይበላታል። ወሬው ያልቃል።

የዚህ ሰው ሕይወት ሲነገር ከዚያች ሳንቲም በፊት ያለው አጭር ነው። የተወለደው ላንድ በሚባለው የባሕር ጠረፍ፣ ከጥዱ ደንና ከውቅያኖሱ መሃል፣ ላ ሌት በሚባል የጎልፍ ሜዳ፣ ከዘጠነኛው ጉድጓድ ጀርባ ባለች የሠራተኛ ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ኤሚል የሜዳውን ሣር ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያጭድ ኖሮ አንድም ቀን ኳስ አልመታም። "እኔ ከመታሁ ሣሩን ማን ይጠግነዋል?" ይል ነበር። እናቱ የክበቡን ሳህን ታጥብ ነበር። ፊርማን ዱላ መያዝ የተማረው ሀብታሞቹ ሰብረው የጣሉትን እየለቀመ ነው። የራግቢ ጓደኞቹ "የጡረተኛ ጨዋታ" እያሉ አበገኑት፤ እሱ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ የክበቡን ፕሬዚዳንት በአሥራ አንድ ምት አሸነፋቸውና ፕሬዚዳንቱ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሱት።

ከሳንቲሟ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን ለመናገር ያህል አይሞላም። ካርድ አራት ጊዜ አገኘ፣ አራት ጊዜ ተነጠቀ። አንዴ ሞሮኮ ላይ በዝናብ አሸንፏል፤ እሱ ራሱ ሲያወራው "ያን ቀን ሦስቱ ጎበዞች ሆድ ቁርጠት ይዟቸው ነበር" ይላል። ሚስት አግብቶ ነበር፤ ሴትየዋ ስድስት ዓመት በስልክ ትዳር ከቆየች በኋላ ድምፁን ብቻ ማግባቷ ገባትና ሄደች። ወገቡ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለው ጀመር። ቦርሳውን የምትሸከምለት ኦዲል ነበረች። በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች፤ የመንደሩ ፖስታ አዳይ ናት፤ የዓመት ፈቃዷን ለእሱ ውድድር ነው የምትጨርሰው። "ሥራዬም ዕረፍቴም ሸክም ነው" ትላለች።

አርባ ሁለት ዓመቱ ላይ፣ በጥቅምት፣ የካርዱ ማጣሪያ ላ ሌት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። የገዛ ሜዳው! የክበቡ ፕሬዚዳንት ጠርተው የአስተማሪነት ሥራ እንደተዘጋጀለት፣ ሰኞ ጠዋት መልስ እንደሚፈልጉ ነገሩት። ኦዲል ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ የጎመን ሾርባውን እያማሰለች አፋጠጠችው።

"ይህ የመጨረሻው ነው። ካልገባህ ሰኞ ሥራውን ትይዛለህ። ማል።"

"እምላለሁ።"

"በምን?"

"በአባባ ሣር።"

በአባታቸው ሣር ተምሎ የሚታጠፍ ነገር በዚያ ቤት ስለሌለ ኦዲል ማማሰሏን ቀጠለች።

ውድድሩ አራት ቀን ነው። ከተወዳዳሪው ሁሉ ካርድ የሚያገኘው ሃያ ሰው ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፊርማን ከአንድ የብረታኝ ልጅ ጋር ተመደበ። ኤርዋን ከርማሬክ ይባላል፤ ዕድሜው ሃያ አራት፣ ጆሮው ትልልቅ፣ አፉ የማያርፍ፣ ታላቁን ሁሉ 'ሙሴ'፣ ማለትም አቶ፣ እያለ የሚጠራ ጨዋ ልጅ ነው። ቦርሳውን አጎቱ ተሸክሞለታል፤ አጎትየው ዓሣ አስጋሪ ስለሆነ መሬት ላይ ሲሄድም እየተንገዳገደ ነው። በሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ኤርዋን እናቱ የጋገረችውን የቅቤ ኬክ ከኪሱ አወጣ።

"ሙሴ ዱፑዊ፣ ይቅመሱ። ከዚህ በኋላ ዱላው ከእጅዎ ያሟልጫል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።"

"ተፎካካሪህን በቅቤ ልትገድል ነው?"

"አጎቴ ሦስት በልቶ ይኸው ቆሟል።"

"እሱ ቆሟል ይባላል?" አለች ኦዲል፣ አጎትየውን እያየች።

ሳቁ። ፊርማን ልጁን ወደደው፤ ይህም አበሳጨው። በእንዲህ ያለ ቀን አጠገብህ የሚሄደው ሰው የሚጠላ ቢሆን ይሻላል።

ስምንተኛው ላይ የፊርማን ኳስ በነፋስ ተወስዳ ፈርን የሚባለው ቅጠልና እሾኽ ውስጥ ገባች። የጠፋች ኳስ ለመፈለግ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ካልተገኘች ቅጣት አለ፣ ቅጣቱ ደግሞ ያን ቀን ካርዱን ይዞት ይሄድ ነበር። ፊርማን በዱላው ቅጠሉን ይገርፋል። ኦዲል በጉልበቷ ትድሃለች። ዳኛዋ ማዳም ሴጋላ ሰዓታቸውን እያዩ "ሃያ ሰከንድ" አሉ። ኤርዋን እሾኹ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ "ይቺት! ይቺት ሙሴ ዱፑዊ! እንዳይረግጧት!" ብሎ ጮኸ። ሲወጣ እጁ ደምቶ ነበር። መንገዱን ሁሉ ደሙን እየላሰ አወራ።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ በረታ። አንዱ ሲስት ሌላው ይስታል፤ አንዱ ሲያስገባ ሌላው ያስገባል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ኦዲል ሰሌዳውን አይታ መጣች። 

"ልንገርህ ወይስ ይቅር?"

"ንገሪኝ።"

"ሌሎቹ ጨርሰዋል። አሥራ ዘጠኙ ታውቀዋል። ሃያኛዋ ላንተ ወይም ለሱ ናት። እኩል ናችሁ።"

ፊርማን ዱላውን ተቀበላት። ውሃ ጠጣ።

አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ሃምሳ የሚሆን ሰው ቆሟል። ከሰዉ ፊት፣ በምትታጠፍ ወንበር ላይ፣ ሮላን ካስታን ተቀምጧል። ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው። ላ ሌት ላይ ውድድር በተደረገ ቁጥር ያችን ወንበር ይዞ ይመጣል፤ ፊርማንም በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ወንበሩ ባዶ እንደሆነ አድርጎ ያልፋል። አሁንም አለፈ።

ሁለቱም ኳሶች የተላጨው ሣር ላይ ናቸው። የኤርዋን ከጉድጓዱ ሁለት ሜትር አትርቅም። የፊርማን አሥር እርምጃ ናት፤ በቀጥታ መንገዱ ላይም የኤርዋን ሳንቲም ቁጭ ብላለች።

"ኤርዋን፣ የዱላ ራስ ያህል ወደ ግራ ብታደርጋት።"

"ወደ ግራ፣ እሺ።" ልጁ ለካ፣ አሸጋገረ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ፊርማን መታ። ኳሷ ወርዳ ወርዳ፣ ነፋሱ ያዛትና ከጉድጓዱ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ሰዉ "ኦህ!" አለ። ጠጋ ብሎ ገፋ አደረጋት፤ ገባች። አራት ምት። አሁን ኤርዋን ካስገባ በሦስት ይጨርሳል፤ ካርዷ የእሱ ናት። ከሳተ እኩል ይሆኑና እንደገና ይጫወታሉ።

ልጁ ወደ ሳንቲሙ ሲራመድ ነፋሱ ኮፍያውን ነጠቀው። ኮፍያው እየተንከባለለ አሸዋው ውስጥ ገባ፤ አጎቱ ሊይዘው ሲሮጥ ተደናቅፎ በሆዱ ተዘረጋ። ሃምሳው ሰው ሳቀ። ኤርዋንም ሳቀ። ኮፍያውን አራግፎ ደፋ፣ ተመልሶ መጣ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ጎንበስ ብሎ ኳሱን ሳንቲሟ ፊት አስቀመጠና ሳንቲሟን አነሳ።

አልመለሳትም።

ፊርማን አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየገበታው በወይራና በዳቦ ያሳየውን ነገር፣ አሁን በሕይወት ቆሞ አየው። ኳሷ ከቦታዋ በዱላ ራስ ስፋት ወደ ግራ ተቀምጣለች። የሚፈለገው ሁለት ቃል ነው፤ ሳንቲምህን መልስ። የእሱ ሥራ ነው፤ አሸጋግር ያለው እሱ ነው።

ልጁ ቀና ብሎ ጉድጓዱን አየ። አንዴ በባዶው ዱላውን አወዛወዘ።

አሁን እላለሁ፣ አለ ፊርማን በልቡ። አሁን። የጥርስ ሐኪሞቹ ታዩት፤ በመስመር ቆመው፣ በነጭ ጓንት፣ ዕድሜ ልኩን። ሰኞ ታየው። ልጁ ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ አለ፤ አሥር ዕድል አለው፣ ሃያ ዕድል አለው፤ እኔ ይህችው ናት። እኔስ ማን ነገረኝ? እኔም ተርፌያለሁ።  ከሣሩ ማዶ ኦዲል ቦርሳውን ተደግፋ ቆማለች። የምታየው ኳሷን አይደለም፤ እሱን ነው።

ልጁ ሁለተኛ አወዛወዘ።

ፊርማን አፉን ከፈተ። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ኤርዋን መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ጉድጓዱ ውስጥ ጠብ አለች። ሰዉ አጨበጨበ፤ አጎትየው አሸዋው ላይ እንደተቀመጠ ጮኸ። ፊርማን ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ሲመጣ ተሰማው፣ ምን እንደሆነም አወቀው። "ልጅ፣ ሳንቲምህስ?" የሚለው ነበር። የካስታን ቃል፣ በካስታን ድምፅ፣ ከነጉሮሮ መጥረጉ። ሊለው ነበር። ማለት ነበረበት፤ ካላለው ካርዷ ትሄዳለች። ከንፈሩ እንኳ ተንቀሳቅሷል።

ኤርዋን ግን ኳሱን ከጉድጓዱ አውጥቶ ቀና ሲል ቆመ። ዞሮ የመታበትን ቦታ አየ። እጁ ኪሱ ገብቶ ሳንቲሟን ነካ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ወረደ።

"ማዳም" አለ ወደ ዳኛዋ። "አልመለስኩትም መሰለኝ። ሳንቲሙን። ወደ ግራ አድርጌው ነበር፤ አልመለስኩትም።"

ማዳም ሴጋላ መጡ። 

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ማዳም ወደ ፊርማን ዞሩ። "ሙሴ ዱፑዊ፣ ያሸጋግርልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት። አይተዋል?"

"ልብ አላልኩም" አለ ፊርማን።

እንዲህ ነው ያለው። ለመዋሸት ሁለት ቃል በቃው፤ ለእውነቱም ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው።

"ምን ያድርጉ" አለ ኤርዋን። ድምፁ ተሰብሯል፣ ግን ለሰውየው አዘነ። "የራስዎን ምት እያሰቡ ነበር። ኮፍያው ነው፣ የተረገመ ኮፍያ።" ሦስት ምትና ሁለት ቅጣት፣ አምስት። እጁን ዘረጋ፤ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ የደማችው እጅ ናት። ፊርማን ጨበጣት።

ሁለቱም የነጥብ ወረቀታቸውን ፈረሙ። ሰዎች መጥተው ፊርማንን አቀፉት። የራግቢ ጓደኞቹ ተሸከሙት፤ አንዱ "የጡረተኛው ጨዋታ ካንተ ጡረታ ሊወጣ አልቻለም!" ብሎ ጮኸ። ፕሬዚዳንቱ ትከሻውን መቱት። ምግብ ቤቱ የዳክዬ ጥብሱን አቅርቦ ነበር። ፊርማን ከእጃቸው ወርዶ ኦዲልን ፈለጋት፤ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ዱላዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ስትወለውል አገኛት።

"ገባን" አላት።

ኦዲል አንዱን ዱላ ጨርሳ ሌላውን አነሳች። "አይተሃል።"

"ኦዲል..."

"አፍህን ስትከፍት አይቻለሁ። ሊናገር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልናገር እችል ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ፣ አንተን ስጠብቅ።" ጨርቁን ቦርሳው ላይ ወረወረችው። "አሁን ያን የካስታንን ወሬ እንዴት ልታወራው ነው? ማንን ልትረግምበት ነው?"

ፊርማን አፈረ።  ዞሮ ወጣ፣ ወደ አሥራ ስምንተኛው ሄደ። ሰዉ ተበትኗል። ካስታን ብቻ ወንበሩን ለማጠፍ እየታገለ ነው። ፊርማን ፊቱ ሄዶ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላናገረውን ሰው በምን ይጀምረዋል?

ካስታን ነው የጀመረው። "አየኸው?"

"አየሁት።"

"መስሎኛል። እዚህ ቁጭ ብዬ ፊትህን ሳይ የራሴን ፊት ያየሁ መሰለኝ።" ሽማግሌው ወንበሩን ተወውና ተመልሶ ተቀመጠበት። "እኔን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሰውን ሁሉ ስትነግር፣ እኔን 'አውቀው ነው ወይ?' አላልከኝም።"

"አውቀው ነበር?"

"አውቄ ነበር። አፌ ዘገየ እያልኩ ለሚስቴ እነግራት ነበር። አፍ አይዘገይም።"

ነፋሱ የጥዱን ቅጠል እየነዳ ሣሩ ላይ ያመጣዋል። አባቱ ቢኖር ሮጦ ይለቅመው ነበር።

"ካርዷስ? ስንት ጊዜ ቆየች?" አለ ፊርማን።

"ሁለት ዓመት። በሦስተኛው ጉልበቴ ሄደ።"

"ምን ላድርግ?"

"እኔን ትጠይቃለህ እንዴ?" ካስታን ተቆጣ። "እኔ ያደረግኩትን ታውቃለህ! ይችን ወንበር በየዓመቱ ተሸክሜ እየመጣሁ 'ዛሬ መጥቶ ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ' እያልኩ ኖርኩ። ልጁ መኪናው ጋ ነው። ሂድ።"

ፊርማን ሄደ። መጀመሪያ እየተራመደ፣ በኋላ ወገቡን ይዞ እየሮጠ። መንገድ ላይ ማዳም ሴጋላን አግኝቶ፣ ካርዱን ቢመልስ ለልጁ ያልፍለት እንደሆነ ጠየቃቸው። ማዳም ግራ ተጋብተው፣ ካርድ አይወረስም፣ ቦታው ባዶ ይቀራል አሉት። አጎትየው የአሮጌዋን መኪና የኋላ በር ሊዘጋ ሲል ደረሰ። ኤርዋን ጫማውን እየፈታ ነበር።

"አይቻለሁ" አለ ፊርማን።

"ምኑን?"

"ሳንቲሙን። ኳስህን ስታስቀምጥ። ከመምታትህ በፊት። አይቼ ዝም አልኩ። ማዳምን ደግሞ ዋሸኋቸው።"

ልጁ የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። አጎትየው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ፊርማን አልሸሸም፤ ቢመታው ደስ ባለው ነበር። ኤርዋን በእጁ አጎቱን አስቆመው። 

"ለምን ነገሩኝ?"

"ማወቅ ስላለብህ።"

"እኔ ማወቅ ስላለብኝ ነው ወይስ እርስዎን ስለከበደዎት?" ጫማውን አውልቆ መኪናው ውስጥ ወረወረ። "ስምንተኛው ላይ ያችን ኳስ ባላገኛት ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ታውቃለህ?" ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው። "ባትነግረኝ በራሴ ሞኝነት የተቀጣሁ መስሎኝ እየሳቅኩ እሄድ ነበር። አሁን ምን ይዤ ልሂድ?"

"ንገረው" አለ ፊርማን። "ለሰው ሁሉ ንገር። በስሜ።"

ልጁ በሩን ዘጋው። መኪናዋ ጥዱ መሃል ገብታ እስክትጠፋ ፊርማን እዚያው ቆሞ ነበር።

ፊርማን የዳክዬው ጥብስ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲደርስ የራግቢ ጓደኞቹ ወይራ አስቀምጠው፣ ዳቦ ጠፍጥፈው ጠበቁት። "ካስታንን አምጣው! ዛሬ ነው መወራት ያለበት!" አሉት። ፊርማን ወይራዋን አንስቶ በላትና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ወሬ ከአፉ የሰማ የለም።

ካርዱን አንድ ዓመት ተጫወተበት። ክፉ አልተጫወተም፣ ጥሩም አልተጫወተም። ሣር ላይ ሳንቲም በተሸጋገረ ቁጥር ባለቤቷ ገና ሳያጎነብስ "መልሳት! መልሳት!" እያለ የሚጮህ ሰው ሆነና ተጫዋቾቹ አበደ ብለው ተሳሳቁበት። ዓመቱ ሲያልቅ ካርዱ ሄደ። አላለቀሰም። የጥርስ ሐኪሞቹን ተቀበላቸው፤ እንዳሰበው አልከፉም። ለካስታን ደግሞ በየውድድሩ ወንበሩን ይዘረጋለታል፣ ሲያበቃም ያጥፍለታል።

በአራተኛው ዓመት የፀደይ ወራት ላይ አንዲት ፋርማሲስት ከብረታኟ ከተማ ከብሬስት ለእረፍት መጥተው ከእሱ ትምህርት ወሰዱ። በክበቡ ሁሉም ፊርማን ብቻ ስለሚለው ሴትየዋም ሙሴ ፊርማን ነው የሚሉት። ምሳ ሰዓት በረንዳው ላይ አብረው ተቀመጡ፤ ኦዲል የፖስታ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ መጥታ ነበር። ወይራ ቀረበ።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ" አሉ ሴትየዋ በደስታ። "ከኛ አገር አንድ ልጅ አለ፣ አሁን ከትልልቆቹ ጋር የሚጫወት። ባለፈው ክረምት ክበባችን መጥቶ ያወራው ነው። ድርጊቱ የሆነው እዚሁ እናንተ አካባቢ ነው አሉ።" ከዳቦው ቆንጥረው ጠፈጠፉ። "ይህ ጉድጓዱ ነው።" ወይራዋን አስቀመጡ። "ሳንቲም ያለው አለ?"

ኦዲል ሳህን ልታነሳ ብድግ አለች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊርማን ያረጀችውን የፍራንክ ሳንቲም ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

ሴትየዋ ጥሩ አድርገው ነው ያወሩት። ነፋሱን፣ ኮፍያውን፣ አሸዋ ላይ የተዘረጋውን አጎት። "ሰውየው ቆሞ ያያል! አሸጋግርልኝ ያለው ራሱ! ዝም!" ጠረጴዛውን መቱት። "ስሙን ደግሞ ነግሮን ነበር... ዱፖን? ዱፕራ? አይ፣ ጠፋኝ።"

"ዱፑዊ" አለ ፊርማን።

"ዱፑዊ! እሱ ነው! ያውቁታል እንዴ?"

ፊርማን እጁን ዘርግቶ ሴትየዋ ወደ ቀኝ ያሸጋገሯትን ሳንቲም አንስቶ በወይራዋ ግራ በኩል አስቀመጣት።

"ወደ ግራ ነው ያሸጋገራት" አላቸው። "አንድ ነገር ደግሞ ዘለዋል፤ ልጁም አልነገራችሁም መሰለኝ። ስምንተኛው ላይ የጠፋችውን ኳሴን እሾኽ ውስጥ ገብቶ ያገኘልኝ እሱ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲያወሩት ከዚያ ይጀምሩ።"